ሦስቱ ወንበሮች ከተነሡ በኋላ

የአንባቢ ደብዳቤ

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው ላስ ቬጋስ ሲሆን የምሠራው በሌሊት ፈረቃ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ፖከር፣ ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ) 5 እና 10 ሳንቲም በሆነ ባለ ዘጠኝ ወንበር ጠረጴዛ ላይ በትዕግሥት ስጫወት ቆይቻለሁ። ከ100 እጅ (የካርታ እደላ) 13ቱን ብቻ እገባ ነበር፤ ብዙ ባይሆንም ትርፍ ነበረኝ። አሁን የዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ አልሞላ ስላለኝ ከአራት ወር ወዲህ ወደ ባለ ስድስት ወንበር ተዛውሬአለሁ። መጀመሪያ እንደ ድሮዬ ተጫውቼ በ5,000 እጅ 30 ዶላር ከሰርኩ። አንድ ወዳጄ ‹ስድስት ሰው ሲሆን ሁሉን መግባት፣ ሁሉን ማጥቃት ነው› ስላለኝ ከ100 እጅ 38ቱን መጫወት ጀመርኩ፤ በቀጣዩ 6,000 እጅ 110 ዶላር ሄደ። ለጨዋታ ብዬ ከለየሁት 400 ዶላር 260 ቀርቶኛል። ከሥራ ስመለስ አራት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ እከፍታለሁ። ባለቤቴ ተወው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የሄደውን ለመመለስ ወደ 10 እና 25 ሳንቲም ጠረጴዛ ልውጣ ወይ እያልኩ ነው። ያጠፋሁባቸው የሚመስሉኝን ሁለት እጆች ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ግራ የገባኝ፣ ከላስ ቬጋስ።»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ወስደን ብንነጋገርበት አይጎዳም፣ ይህኛውን ግን ምናልባት ዛሬ ማታ ሊወስኑት ይችላሉና። ወደ 10 እና 25 ሳንቲም ጠረጴዛ አይውጡ። በዚያ ጠረጴዛ አንድ መግቢያ፣ ማለትም 100 ትልቅ ብላይንድ፣ 25 ዶላር ነው፤ በእጅዎ የቀረው 260 ዶላር ከአሥር መግቢያ ብዙም አያልፍም። በባለ ስድስት ወንበር ጨዋታ ደግሞ አንድ ጥሩ ተጫዋች ምንም ሳያጠፋ በ10,000 እጅ ውስጥ ዘጠኝ መግቢያ ያህል ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ጨዋታው በተፈጥሮው ያለው መዋዠቅ እንጂ የሚያስደንቅ መጥፎ ዕድል አይደለም። እርስዎ ያሰቡት እንግዲህ ተራ መዋዠቅ ጠራርጎ ሊወስደው የሚችለውን ያህል ገንዘብ ብቻ ይዞ፣ ገና ባልለመዱት ጨዋታ፣ ከዛሬዎቹ የበረቱ ሰዎች ፊት መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮችዎ እንሂድ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከ110 ዶላሩ ይልቅ ያሳዘነኝ 30 ዶላሩ ነው፤ መንገድዎን ያስቀየረዎት እሱ ነውና። በባለ ስድስት ወንበር ጠረጴዛ የአንድ ተጫዋች ውጤት በየ100 እጁ ከአማካዩ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ትልቅ ብላይንድ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። መካከሉን ይዘን 90 ብንል፣ መዋዠቁ የሚያድገው በእጆቹ ብዛት ልክ ሳይሆን በብዛቱ ካሬ ሥር ልክ ስለሆነ፣ በ5,000 እጅ ወደ 636 ትልቅ ብላይንድ ይደርሳል፤ በእርስዎ ጠረጴዛ ሒሳብ ይህ 64 ዶላር ገደማ ነው። ኪሳራዎ የዚህን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ያ 30 ዶላር አካሄድዎ ትክክል ይሁን ስህተት ሊነግርዎ የሚችለው ነገር አልነበረም፤ እርስዎ ግን እንደ ፍርድ ተቀብለውት ከድጡ ወደ ማጡ ገቡ። የሁለተኛው ዙር ነገር ይለያል። በ6,000 እጅ የሚጠበቀው መዋዠቅ 70 ዶላር ገደማ ስለሆነ የ110 ዶላሩን ጥቂት ክፍል ለዕድል ብንተወው እንኳ ቀሪው የራስዎ ይመስለኛል፤ የላኩት ሁለተኛው እጅም ይህንኑ ይመሰክራል።

ይህን ስል ግን የመጀመሪያው አጨዋወትዎ ለአዲሱ ጠረጴዛ የሚበቃ ነበር ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ ባይናገርም ሒሳቡ ይናገራልና፣ እሱን በዝግታ እንየው።

ባለ ስድስት ወንበር ጨዋታ ሌላ ጨዋታ አይደለም። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ቀድመው የሚናገሩት ሦስቱ ተጫዋቾች ካርታቸውን ከጣሉ በኋላ የሚቀረው ጨዋታ ነው። ከፊትዎ ሦስት ሰዎች ጥለው ተራው ለእርስዎ በደረሰ ጊዜ ሁሉ፣ ባያስተውሉትም፣ ባለ ስድስት ወንበር ፖከር ሲጫወቱ ነበር። (ሒሳብ የሚወዱ አንባቢዎች አንድ ነገር ይቃወሙኝ ይሆናል፤ ሦስት ሰዎች ሲጥሉ የጣሉት በአብዛኛው ደካማ ካርታ ስለሆነ በቀሪው ውስጥ ጥሩ ካርታ የመኖሩ ዕድል በጥቂቱ ከፍ ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሚታሰብ አይደለም።) ስለዚህ መማር ያለብዎ አዲስ ዘዴ ብዙ የለም። የተነሡት ሦስት ወንበሮች ግን የትኞቹ እንደሆኑ ያስተውሉ፤ እርስዎ የሚያርፉባቸው ናቸው። በዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ በእነዚያ ወንበሮች ከ100 እጅ ወደ 90 የሚጠጋውን መጣል ትክክለኛ ጨዋታ ስለሆነ፣ ታጋሽ ሰው ዙሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ሳይሳሳት ያልፈዋል። በኋለኞቹ ወንበሮች ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ በዚያ ዕረፍት ተሸፍኖ ይኖራል። እርስዎ ሦስት ዓመት ሙሉ በበተን ወንበር (የጋራ ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚናገረው) ላይ ከልክ በላይ ይጥሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ያን ጊዜ በዘጠኝ እጅ አንዴ የሚደርስ ስህተት ነበር፣ አሁን በስድስት እጅ አንዴ ይደርሳል።

የመጠበቂያው ዋጋም ተወደደ። በእርስዎ ጠረጴዛ አንድ ዙር ሲጠናቀቅ ሁለቱ ብላይንዶች በድምሩ 15 ሳንቲም ያስከፍሉዎታል። በዘጠኝ እጅ 15 ሳንቲም ሲከፍል የነበረ ሰው ሁሉንም እጅ ቢጥል በ100 እጅ 1.67 ዶላር ያወጣል፤ በስድስት እጅ 15 ሳንቲም የሚከፍለው ግን 2.50 ዶላር ያወጣል። ኪራዩ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው፤ የሚታደልዎት ካርታ ግን አልተሻሻለም፣ ጥንድ ኤስ አሁንም በ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። በልጅነታችን ኮንከር የተጫወትን ሁሉ ይህን ያለ ሒሳብ እናውቀው ነበር፤ አራት ሆነን ስንጫወት የምንጠብቀውን ካርታ ሁለት ስንሆን አንጠብቀውም ነበር።

ይህን ሲሰሙ ወዳጅዎ ትክክል ነበረ ማለት ነው ይሉ ይሆናል። ግማሹ ትክክል ነበረ። የጎደለው ወንበርን አለመለየቱ ነው። ከ100 እጅ 38 መጫወት በበተን ላይ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያ ተናጋሪው ወንበር ላይ ግን ጥፋት ነው። ከፊትዎ ያሉት ሁሉ ጥለው ተራው ሲደርስዎ፣ በመጀመሪያው ወንበር ከ100 እጅ 16 ያህሉን፣ በሁለተኛው 20 ያህሉን፣ ከበተን ቀድሞ ባለው 27 ያህሉን፣ በበተን ላይ 42 ያህሉን ሬይዝ አድርገው (ውርርዱን ከፍ አድርገው) ይክፈቱ። ብዙ ጊዜ ከፊትዎ ሌላ ሰው ስለሚገባ፣ ይህ ሁሉ ከብላይንድ ወንበሮች ጋር ተደምሮ ሲታይ በጠቅላላው ከ100 እጅ ከ22 እስከ 25 ያህሉን መጫወት ይሆናል። ከ13ም ከ38ም ሩቅ ነው፤ ዋናው ነገር ግን ድምሩ አይደለም። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከ100 እጅ 24 ተጫውተው፣ አንዱ ከየወንበሩ እኩል 24፣ ሌላው ከፊት 16 ከኋላ 42 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ከሳሪ ሁለተኛው አትራፊ ሊሆኑ ይችላሉ። በመጀመሪያው ወንበር የሚከፈተው ምን ዓይነት ካርታ ነው ካሉ፣ ከ5 በላይ ያሉት ጥንዶች፣ ኤስ ከጃክ ወይም ከዚያ ከፍ ካለ ካርታ ጋር፣ ኪንግ ከኩዊን ጋር፣ እንዲሁም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ኤሶችና ከ10 በላይ የሆኑ ተከታታይ ካርታዎች ናቸው። በበተን ላይ ግን ማንኛውም ጥንድና አብዛኛው ኤስ ይጨመራል፤ አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ኪንጎችና ተከታታይ ካርታዎችም ብዙዎቹ ይገባሉ።

አሁን የላኩት የመጀመሪያ እጅ። በበተን ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ኤስ እና 9 ይዘው፣ ሦስቱም ተጫዋቾች ከፊትዎ ጥለው ሳለ፣ «አጃቢው (ሁለተኛው ካርታ) ደካማ ነው» ብለው ጣሉ። ይህ ከዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ፊተኛ ወንበር ይዘውት የመጡት ፍርሃት ነው፤ እዚያ ከኋላዎ ስምንት ሰው ስላለ ፍርሃቱ ምክንያት ነበረው። ከስምንት ሰዎች አንዱ ጥንድ ኩዊን ወይም ከዚያ በላይ፣ አለበለዚያም ኤስና ኪንግ የመያዙ ዕድል በግምት 19 በመቶ ነው፤ ከአምስት ሰዎች 12 በመቶ፤ በበተን ላይ ከኋላዎ ለቀሩት ሁለት ሰዎች ግን 5 በመቶ ብቻ። በጠረጴዛው ላይ 15 ሳንቲም ተቀምጧል፤ 25 ሳንቲም ሬይዝ ቢያደርጉ፣ ካርታዎ ባዶ ወረቀት ቢሆን እንኳ፣ ሁለቱ ከ100 ጊዜ በ63ቱ ከጣሉልዎ አይከስሩም። የእርስዎ ካርታ ደግሞ ባዶ ወረቀት አይደለም፤ ኮል ቢያደርጉብዎም (እኩል ከፍለው ቢገቡም) እስከ መጨረሻው ካርታ ድረስ ከእነሱ በኋላ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ይህን እጅ የጣለ ሰው ያጣው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ነገር ግን በኪሳራ መዝገብ ላይ ስለማይታይ አያመውም፣ ስለማያመውም አይታረምም። እኔ ራሴ ወደ ስድስት ወንበር በተዛወርኩ ጊዜ ለብዙ ወራት ያባከንኩት ገንዘብ እንዲህ ያለው የማይታየው ነበር።

ሁለተኛው እጅ ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያ ተናጋሪው ወንበር ላይ ምልክታቸው የተለያየ ኩዊን እና 9 ይዘው 30 ሳንቲም ሬይዝ አደረጉ፤ በተኑ ኮል አደረገ፤ ፖቱ (መሃል ላይ የተጠራቀመው ገንዘብ) 75 ሳንቲም ሆነ። ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ኩዊን፣ 7 እና 3 መጣ። 50 ሳንቲም ወረዱ (አስይዘው ተወራረዱ)፣ ኮል አደረገ፤ በተርኑ (አራተኛው የጋራ ካርታ) 1.20 ዶላር ወረዱ፣ አሁንም ኮል አደረገ፤ በሪቨሩ (አምስተኛውና የመጨረሻው ካርታ) ወደ 4.15 ዶላር ፖት ላይ 2.50 ሲወርዱ የቀረውን 8 ዶላር በሙሉ አስገባብዎ። ከፍለው አዩት፤ ጥንድ 7 ይዞ ከፍሎፕ ጀምሮ ሦስት 7 ነበረው። እርስዎ ስህተቱን የመጨረሻው ክፍያ ላይ ፈልገዋል። እኔ ግን ከመጀመሪያው 30 ሳንቲም እጀምራለሁ፤ ኩዊንና 9 በመጀመሪያው ወንበር ላይ ከመቶ 16ቱ ውስጥ አይገባም፤ ለ38ቱ ተብሎ የገባ ካርታ ነው። እንዲህ ባለው ካርታ ላይ አደጋው ፍሎፑን ማጣት አይደለም። አደጋው ፍሎፑን ማግኘት ነው፤ ኩዊን ወጥቶ ሰው ሦስት ጊዜ ከከፈለዎት፣ ከከፋዩ ካርታዎች ብዙዎቹ ኩዊን ከኤስ ወይም ከኪንግ ጋር፣ አለበለዚያም እንዳጋጠመዎት ያለ ነገር ናቸው። የመጨረሻውን ውሳኔ በተመለከተም፣ 5.50 ዶላር ጨምረው 20.15 ዶላር ለሚሆን ፖት መወዳደር ስለሆነ ከ100 ጊዜ 27ቱን ማሸነፍ ያስፈልግዎ ነበር። በሳንቲም ጠረጴዛ፣ ሁለት ጊዜ ዝም ብሎ ኮል ሲያደርግ ቆይቶ በሪቨር ላይ ሁሉን የሚያስገባ ሰው ከ100 ጊዜ 27 ጊዜ አያታልልም፤ ግማሹንም አያታልል። ስድስት ሰው ሲሆን ሁሉም ያታልላል የሚለው ወሬ ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ላይ ያለውን ጨዋታ እያዩ የሚነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ከእጆችዎ 22 በመቶው በብላይንድ ወንበር ላይ የሚታደሉ ናቸው፤ በስድስት ሰው ላይ 33 በመቶ ይሆናሉ። ከሚታደልዎት እጅ ሲሶው ገንዘብዎ አስቀድሞ በጠረጴዛው ላይ ሳለ የሚመጣ ነው ማለት ነው። በትልቁ ብላይንድ ላይ ተቀምጠው በተኑ ወደ 25 ሳንቲም ሬይዝ ቢያደርግና ትንሹ ብላይንድ ቢጥል፣ 15 ሳንቲም ጨምረው 55 ሳንቲም ለሚሆን ፖት ይወዳደራሉ፤ ይህ ወደ 27 በመቶ የማሸነፍ ዕድል የሚጠይቅ ዋጋ ነው። ፊት ተናጋሪ ስለሚሆኑና ሬክም (ቤቱ ከፖቱ የሚወስደው ድርሻ) ስለሚቆረጥ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ይፈልጉ፤ ያም ሆኖ እንደ ድሮዎ ከ10 እጅ ዘጠኙን መጣል አይቻልም። በተኑ ከመቶ 42ቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ከሆነ፣ ኤስና ጃክ፣ ኪንግና ኩዊን፣ ጥንድ 10 ሲደርስዎ ወደ 1 ዶላር ገደማ ዳግመኛ ሬይዝ ያድርጉ። ዝምተኛ ተጫዋች በመጀመሪያው ወንበር ላይ ሆኖ ሬይዝ ሲያደርግ ግን እነዚያኑ ካርታዎች ጠንቀቅ ብለው ይያዙ፤ እሱ ከመቶ 16ቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ምናልባትም ከመቶ 10ሩ።

በትንሹ ብላይንድ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ ሰው ሬይዝ ሲያደርግ ኮል ማድረጉን ይተዉት፣ ወይ ዳግመኛ ሬይዝ ያድርጉ ወይ ይጣሉ። አንደኛው ምክንያት ከፍሎፕ ጀምሮ ባሉት ዙሮች ሁሉ ቀድመው መናገርዎ ነው። ሌላው ሬክ ነው፤ በአብዛኛው ድረ ገጽ ፍሎፕ ካልታየ ቤቱ ከፖቱ አይቆርጥም፣ ከታየ ግን በዝቅተኛ ጠረጴዛ 5 በመቶ ገደማ ይቆርጣል። ከፍሎፕ በፊት የሚያሸንፉት ፖት ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። በሳንቲም ጨዋታ ላይ ሬክ ከተቃዋሚዎችዎ ሁሉ የሚበረታው ተቃዋሚ ስለሆነ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይዩት።

ትናንሽ ጥንዶች ላይም ልማድዎ መለወጥ አለበት። ጥንድ ይዞ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን ማግኘት ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ ነው፤ ባለ ዘጠኝ ወንበር ላይ ብዙ ሰው ስለሚገባ ያ አንዴ ሲመጣ የሚከፍል ይገኝ ነበር። እዚህ ሦስትና አራት ሰው አብሮ ፍሎፕ የሚያይበት ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ጥንድ 4 ይዘው ኮል እያደረጉ መጠበቅ አያዋጣም፤ በኋለኛው ወንበር ላይ ከሆኑ ራስዎ ከፍተው ይግቡ።

ከፍሎፕ በኋላ ያለውን ዓለም የሚለውጠው የሰው ማነስ ነው። ጥንድ ኤስ ከስምንት ያልተመረጡ እጆች ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ የሚያሸንፈው 35 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከአምስት ጋር 49፣ ከአንድ ጋር ግን 85 በመቶ ነው። የአንድ ጥንድ ክብር ከፍ ይላል ማለት ነው። ጥንድ ያልሆነ ካርታ ይዞ ፍሎፕ ያየ ሰው ከሦስት ጊዜ በሁለቱ ምንም አያገኝም፤ ከፊትዎ አንድ ሰው ብቻ ካለና እሱም መጣል የሚያውቅ ከሆነ፣ የፖቱን ግማሽ ቢወርዱ ከሦስት ጊዜ አንዴ መጣሉ ብቻ ይበቃዎታል። «መጣል የሚያውቅ ከሆነ» የሚለውን ግን አጥብቀው ይያዙት። በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ከ100 እጅ 45 የሚገባ፣ ሁሉን ኮል የሚያደርግ ሰው አይጠፋም፤ ገንዘብዎ የሚመጣውም ከእሱ ነው። እሱን ማታለል ግድግዳ መግፋት ነው። ይልቁንስ ከፍተኛው ጥንድ ከጥሩ አጃቢ ጋር ሲደርስዎ ሦስቱንም ጊዜ ይውረዱበት፤ የሚወርዱትን መጠንም ከፍ ያድርጉ፤ ዝም ያለው ሰው በድንገት ሬይዝ ሲያደርግ ደግሞ ያለ ቅሬታ ይጣሉ። የወዳጅዎ «ማጥቃት» እዚህ ላይ ነው የተሰናከለው፤ ከፍሎፕ በፊት ከኋላ ወንበር የሚደረገውን ማጥቃት ከፍሎፕ በኋላ ለማይጥል ሰው አደረጉት።

ሰውን ማወቅ እዚህ ከዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ይልቅ ዋጋ አለው፤ በእርስዎ ከተማ ደግሞ ይቻላል። ኔቫዳ በ2013 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት ፖከር ከጀመረች ወዲህ፣ በ2014 ከዴላዌር ጋር በተፈረመውና በኋላ ኒው ጀርሲንና ሚሺገንን በጨመረው ስምምነት ተጫዋች ብትጋራም፣ ሕዝቡ አሁንም ጥቂት ነው፤ የዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ያልሞላልዎትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን ጥቂት መሆኑ ማታ ማታ ያንኑ ስም ደጋግመው እንዲያገኙ ያደርጋል። ከስሙ አጠገብ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «በብላይንድ ላይ አይጥልም»፣ «በሪቨር ሬይዝ ካደረገ አለው»። ይህን የማያደርግ ሰው በየምሽቱ ከእንግዳ ጋር እንደተቀመጠ ይቆጠራል።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፤ አራት ጠረጴዛ ጊዜ አይሰጥም። ሰው ባነሰ ቁጥር ተራው ቶሎ ይደርሳል፤ ከ100 እጅ 13 ይጫወት የነበረ ሰው 24 ሲጫወት ውሳኔው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው በዚህ ላይ አራት መስኮት ከከፈተ፣ ሳያስብ የሚያደርገው የለመደውን ነው፤ የለመዱት ደግሞ ልንለውጠው የተነሣነው ነገር ነው። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ይክፈቱ፤ ከሥራ እንደተመለሱም አይሁን፣ ተኝተው ከተነሡ በኋላ ይሁን።

ባለቤትዎ «ተወው» ማለታቸውን ከጨዋታው ውጭ እንደሆነ ነገር አልቆጥረውም። እሳቸው የሚያዩት 400 ዶላሩ 260 መሆኑን ነው፤ እርስዎ ደግሞ «የሄደውን ለመመለስ» የሚል ቃል ጽፈዋል። ገንዘቡ ከቤት ወጪና ወደ አገር ቤት ከሚላከው የተለየ መሆኑን፣ ካለቀም ሌላ እንደማይጨመርበት ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፤ እዚያ ላይ መስማማት ካልቻላችሁ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ያንን ቃል መጠበቅ እንደማይችሉ ከተሰማዎት፣ የእሳቸው ምክር ከእኔ ይበልጣል።

ከተስማማችሁ ግን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይሂዱ። ለባለ ስድስት ወንበር ጨዋታ ከ30 እስከ 50 መግቢያ መያዝን እመክራለሁ፤ በአሁኑ ጠረጴዛዎ ያለዎት 26 ነው፣ በ2 እና 5 ሳንቲም ጠረጴዛ ግን መግቢያው 5 ዶላር ስለሆነ 52 ይሆናል። እዚያ 10,000 እጅ ይጫወቱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዶላሩን ውጤት እንደ ማስረጃ እንዳይቆጥሩት፤ 10,000 እጅ ማስረጃ እንደማይሆን ከላይ አይተናል። ይልቁንስ በበተን ወንበር ላይ ሆነው፣ ከፊትዎ ሁሉም ጥለው ሳለ፣ እርስዎም የጣሏቸውን ካርታዎች ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ። ሲጨርሱ ያንን ዝርዝር ይላኩልኝ፤ ከሒሳብዎ ቀሪ ይልቅ እሱን ማየት እፈልጋለሁ።